የአሜሪካ ግዛቶች ሰንደቅ ዓላማዎች፦ ከምሰሶ ላይ የሚነበበውና የማይነበበው ትርጉም

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ ወይም በጆርጂያ የሚኖር አማርኛ አንባቢ ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያመጣ፣ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ ወይም በአንድ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ ሰንደቅ ዓላማ ጎን አንድ ሁለተኛ ሰንደቅ ዓላማ ማየቱ አይቀርም። ይህ ሁለተኛው የግዛቱ ነው። የእኛዎቹ ክልሎች ከፌዴራሉ ሰንደቅ ዓላማ አጠገብ የየራሳቸውን እንደሚሰቅሉ ሁሉ፣ ሃምሳዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ የጸደቀ የራሳቸው ባንዲራ አላቸው። ብዙ ሰው ግን በየቀኑ በሥሩ የሚያልፍበት ይህ ጨርቅ ምን እንደሚል ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ለዚህ ተወቃሹ ተመልካቹ ብቻ አይደለም፤ ከእነዚህ ባንዲራዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት የተነደፉት በእጅ ይዞ ለሚመለከታቸው ሰው እንጂ ከመንገድ ማዶ ሆኖ አንገቱን ቀና ለሚያደርግ ሰው አይደለም። ስለዚህ ትርጉማቸውን በሚገባ ለማስረዳት ሁለት ነገሮችን አብሮ ማየት ግድ ይላል፤ አንደኛው ምልክቱ የሚወክለው ነገር ሲሆን፣ ሁለተኛው ምልክቱን የተሸከመው ጨርቅ ከቤት ውጭ፣ በነፋስና በፀሐይ ውስጥ የሚያሳየው ጠባይ ነው።

ከጨርቁ መጀመር ይሻላል። ዛሬ በአሜሪካ ከቤት ውጭ ከሚሰቀሉት ባንዲራዎች ብዙዎቹ የናይለን ናቸው። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1935 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ፣ በኬሚስቱ ዋላስ ካሮተርስ የሚመራው ቡድን ያገኘው ሰው ሠራሽ ክር ነው። ከዚያ በፊት ባንዲራ የሚሠራው ከሱፍ፣ ከጥጥ ወይም ከሐር ነበር። ጥጥና ሱፍ ዝናብ ሲመታቸው ውሃ ጠጥተው ይከብዳሉ፣ ምሰሶው ላይ ተጣብቀው ይውላሉ፣ እርጥበቱ ሲደጋገምም ይበሰብሳሉ። ሐር ያማረ ቢሆንም ዋጋው ውድ ነው፤ ፀሐይም ፈጥና ትጎዳዋለች። ናይለን ግን ውሃ እምብዛም ስለማይጠጣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ቶሎ ይደርቃል፣ ክብደቱ አነስተኛ ስለሆነ ቀላል ነፋስ ሲነካው ይዘረጋል፣ ቀለምንም ጠልቆ ይይዛል። ለቤት ውጭ ባንዲራ በብዛት የሚያገለግለው 200 ዴኒየር የሚባለው ዓይነት ነው። ዴኒየር የክር ውፍረት መለኪያ ሲሆን የሚናገረውም 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው፤ በዚህ መለኪያ ያን ያህል ርዝመት ያለው የባንዲራው ክር 200 ግራም ብቻ ይመዝናል ማለት ነው። ነፋሱ ብርቱ ሆኖ የማያቋርጥበት ሜዳማ ወይም የባሕር ዳር ቦታ ከሆነ ግን ሰዎች ወፍራም የፖሊስተር ጨርቅ ይመርጣሉ፤ እርሱ በተራው ከባድ ስለሆነ ለመነሣት ጠንከር ያለ ነፋስ ይሻል።

ናይለን የማያሸንፋቸው ጠላቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ቀለሙን ከማደብዘዙም በላይ ክሩን ራሱን ያደክመዋል። ሁለተኛው ነፋሱ ነው። ባንዲራ ሲውለበለብ ወደ ምሰሶው ያለው ወገን የታሰረ ስለሆነ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ነጻ የሆነው ጫፍ ግን በከፍተኛ ፍጥነት ወዲያና ወዲህ ይወነጨፋል፣ አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥርም ስፌቱን ይጎትታል። ባንዲራ ሁልጊዜ ከዚያ ጫፍ፣ በተለይም ከሁለቱ ጥጎች መቀደድ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ጥሩ ሠሪዎች ያንን ጠርዝ አጥፈው በሁለት፣ አንዳንዴም በአራት ረድፍ ስፌት ያጠብቁታል። በሌላው ወገን ደግሞ ጠንካራ የሸራ ቅድ ይሰፉና የገመዱ ማያያዣ የሚገባባቸውን የነሐስ ቀለበቶች ይመቱበታል።

አሁን ወደ ንድፉ የሚያሻግረንን ነጥብ እናንሣ። ዝርዝር ሥዕል ያለበት የናይለን ባንዲራ በብዛት የሚሠራው ቀለሙ ከአንድ ወገን ታትሞ ወደ ሌላው ወገን እንዲያልፍ በማድረግ ነው። በዚህ አሠራር ከጀርባ የሚታየው ምስል የፊቱ ግልባጭ ይሆናል። ምስሉ ኮከብ ወይም ዛፍ ከሆነ ችግር የለውም፤ ጽሑፍ ካለበት ግን ከጀርባ የሚያየው ሰው ፊደላቱን የሚያነበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። በሁለቱም ወገን ቀጥ ብሎ እንዲነበብ ከተፈለገ ሁለት ባንዲራዎችን ጀርባ ለጀርባ አድርጎ፣ በመካከላቸው ብርሃን የማያሳልፍ ሌላ ጨርቅ አስገብቶ መስፋት ያስፈልጋል። ውጤቱም ዋጋው የናረ፣ ክብደቱም የጨመረ፣ በቀላል ነፋስ የማይነሣ ባንዲራ ነው። በዚህ በኩል ዕዳው የበዛበት ኦሪገን ነው፤ በ1925 የጸደቀው ባንዲራው በፊቱ የግዛቱን ጋሻና ጽሑፍ፣ በጀርባው ደግሞ ቢቨር የተባለውን ወንዝ እየገደበ የሚኖር እንስሳ ይዟል፤ ከሃምሳዎቹም በሁለቱ ገጾቹ የተለያየ ሥዕል ያለው ብቸኛው እርሱ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ጽሑፍና ዝርዝር ሥዕል ባንዲራ ላይ እንዴት ሊገባ ቻለ? መልሱ ታሪካዊ ነው። ብዙዎቹ ግዛቶች በመጀመሪያ የነበራቸው ባንዲራ ሳይሆን ማኅተም ነው። ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከየግዛቱ የዘመቱ ክፍለ ጦሮች የግዛታቸውን አርማ በሰማያዊ ሐር ላይ አስጠልፈው ይዘው ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላም ያ ሰማያዊ መደብ የግዛት ባንዲራ ልማድ ሆኖ ቀረ። በ1893 በቺካጎ የተከፈተው ዓለም አቀፍ ትርዒት ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት በአዳራሹ የሚሰቅለው ነገር እንዲፈልግ ስላደረገው፣ ባንዲራ ያልነበራቸው አንዳንድ ግዛቶች ቶሎ የሚገኘውን መንገድ ተከትለው ማኅተማቸውን በሰማያዊ ጨርቅ ላይ አሳረፉት። ማኅተም ግን በሰም ወይም በወረቀት ላይ ታትሞ የሰነድን እውነተኛነት የሚያረጋግጥ፣ ከዓይን በክንድ ርቀት ላይ የሚመረመር ነገር ነው። ዝርዝሩ የበዛውም ለማስመሰል እንዲያስቸግር ነው። ያንኑ ዝርዝር ሦስት ጫማ በአምስት ጫማ፣ ማለትም 90 በ150 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጨርቅ መካከል አድርጎ ሃያ ጫማ ምሰሶ ላይ መስቀል፣ ትርጉሙን ለነፋስ አሳልፎ መስጠት ነው።

ውጤቱን ግዛቶቹ ራሳቸው አይተውታል። ካንሳስ በ1961፣ ሞንታና በ1981 ባንዲራቸውን ከሌሎቹ ሰማያዊ ባንዲራዎች መለየት ስላዳገተ ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ጻፉበት። በ2017 ደግሞ የነብራስካ ባንዲራ በራሱ በግዛቱ ምክር ቤት ሕንጻ ላይ ተገልብጦ ለ10 ቀናት ሲውለበለብ ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ ይህን ለምክር ቤት የተናገሩት ንድፉ እንዲመረመር ሐሳብ ያቀረቡት የግዛቱ ሴናተር በርክ ሃር ነበሩ። አንድ ሕዝብ የራሱ ምልክት ተዘቅዝቆ ሳያውቀው ከቀረ ጥፋቱን የምጥለው በሕዝቡ ፍቅር ማነስ ላይ ሳይሆን በንድፉ ላይ ነው።

ይህ ማለት ግን ማኅተሞቹ ትርጉም የላቸውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ የጠለቀ ትርጉም ያላቸው ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው፤ የቨርጂኒያው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ በኩል ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ይህን ባንዲራ ያላየ ጥቂት ነው፤ ሰማያዊ መደብ፣ በመካከሉ ነጭ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ሁለት ሰዎች። ማኅተሙ የጸደቀው ቨርጂኒያ ከእንግሊዝ አገዛዝ በወጣችበት በ1776 ሲሆን፣ ንድፉን እንዲያቀርቡ ከተመረጡት መካከል የሕግ ሊቁ ጆርጅ ዊዝ ይገኙበታል። ቆማ የምትታየው ሴት በሮማውያን ልማድ የበጎነትና የጀግንነት ምሳሌ የሆነችው ቨርተስ ናት። በአንድ እጇ ጦር፣ በሌላው እጇ ከሰገባው ያልወጣ ሰይፍ ይዛ፣ እግሯን በወደቀ ሰው ላይ አሳርፋለች። የወደቀው ጨቋኝ ገዥ ነው፤ ዘውዱ ከራሱ ወድቆ አጠገቡ ተኝቷል፣ በአንድ እጁ የተበጠሰ ሰንሰለት፣ በሌላው ጅራፍ ይዟል። ከሥር ያለው የላቲን መሪ ቃል ጨቋኞች ሁልጊዜ ይህ ይገጥማቸዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ነገር ታስቦበታል። ሰይፉ በሰገባው መሆኑ ጦርነቱ ማብቃቱን ይናገራል፤ ሰንሰለቱ መበጠሱ ባርነቱ መቅረቱን፣ ዘውዱ መውደቁ ንጉሣዊ ሥልጣን ከዚህ ምድር መነሣቱን ያሳያል። ይህን ያጸደቁት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ባሪያ አሳዳሪዎች እንደነበሩ ስናስብ ደግሞ የተበጠሰው ሰንሰለት ትርጉም ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ግን ይህ ሁሉ ንግግር የሚነበበው ባንዲራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ለሚያጠናው ነው። ከመኪና መስኮት የሚታየው ሰማያዊ ጨርቅና ነጭ ክብ ብቻ ነው፤ ከጀርባ ሲታይ ደግሞ ላቲኑ እንኳ ተገልብጦ ነው።

የሚኒሶታም የቀድሞ ባንዲራ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነበር፤ ታሪኩ ግን ጨርቁና ትርጉሙ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ያስረዳል። ለቺካጎው ትርዒት በ1893 የጸደቀው የመጀመሪያው ባንዲራ ከሁለት ጨርቅ የተሰፋ፣ ፊቱ ነጭ ጀርባው ሰማያዊ ነበር። ከባድና ውድ ስለነበረ፣ ነፋስንም በሚገባ ስለማይቋቋም፣ በ1957 ወደ አንድ ሰማያዊ መደብ ተለወጠ። በመካከሉ የተቀመጠው ማኅተም ግን ቀጠለ፤ በእርሱም ላይ አንድ ነጭ ገበሬ ጠመንጃውን ጉቶ ላይ አስደግፎ ሲያርስ፣ አንድ የሀገሬው ተወላጅ ደግሞ ፈረሱን እየጋለበ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ይታያል። ይህን ሥዕል ጠጋ ብለው የተመለከቱት የሀገሬው ተወላጆች፣ የዳኮታና የኦጂብዌ ሰዎች፣ መልእክቱን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ምድሪቱ ለአራሹ ተላልፋለች፣ ባለቤቷ ግን ይሄዳል የሚል ነው። ከርቀት የማይታይ ምልክት ማንንም አይጎዳም የሚል ክርክር አንዳንዴ ይሰማል፤ ምልክቱ የተሳለባቸው ሰዎች ግን ከርቀት አይደለም የሚያዩት።

በ2023 የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አዲስ ባንዲራና ማኅተም የሚመርጥ ኮሚሽን አቋቋመ። ከሕዝቡ ከ2,000 በላይ የባንዲራ ንድፎች ቀረቡ። የተመረጠው ንድፍ ተስተካክሎ ግንቦት መግቢያ ላይ፣ ግዛቷ ወደ ኅብረቱ የገባችበት ቀን በሚከበርበት ሜይ 11 ቀን 2024 ሥራ ላይ ዋለ። ወደ ምሰሶው ያለው ወገን ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ቅርጹ የሚኒሶታን ካርታ በቀላል መስመር ያስታውሳል፤ በላዩ ስምንት ጫፍ ያለው ነጭ ኮከብ አለ። የቀረው ሰፊ መደብ ውሃ ሰማያዊ ነው። ኮከቡ ግዛቲቱ ከጥንት ጀምሮ የምትጠራበትን የሰሜን ኮከብ ይወክላል፤ ስምንት ጫፍ የሆነውም በሴንት ፖል ምክር ቤት ሕንጻ ጉልላት ሥር ወለሉ ላይ ካለው ኮከብ ጋር እንዲዛመድ ነው። ውሃ ሰማያዊው መደብ ሐይቆቿንና ሚሲሲፒ ወንዝን ያሳያል፤ የግዛቲቱ ስም ራሱ የመጣው ሰማይን ስለሚያንጸባርቅ ውሃ ከሚናገር የዳኮታ አባባል ነው። በምርጫው ሰሞን አንዳንድ ተቃዋሚዎች ንድፉ የሶማሊያን ወይም የፑንትላንድን ባንዲራ ይመስላል ብለው ብዙ ተናገሩ፤ በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎችም ይህን ወሬ ሳይሰሙት አልቀሩም። ለመጨረሻ ዙር ካለፉት ንድፎች በአንዱ የነበሩት ነጭ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመሮች በመጨረሻው ባንዲራ ላይ የሉም፤ የሶማሊያ ኮከብ ጫፉ አምስት ነው፣ የሚኒሶታው ስምንት፤ ምንጩም እንዳየነው የራሷ የግዛቲቱ ምክር ቤት ወለል ነው። ከጨርቅ አንጻር ሲታይ ደግሞ ይህ ባንዲራ ከሁለት ቀለም ናይለን ተሰፍቶ ኮከቡ የሚለጠፍበት፣ ፊደል የሌለው፣ ከጀርባውም ቢታይ መልእክቱ የማይበላሽ ነው።

በምልክትና በጨርቅ መካከል ከሁሉ የተሳካ ስምምነት ያለው ግን በእኔ አስተያየት የሜሪላንድ ባንዲራ ነው። ከሃምሳዎቹ ግዛቶች በእንግሊዝ የመሳፍንት ቤተሰብ አርማ ላይ የተመሠረተ ባንዲራ ያለው እርሱ ብቻ ነው። ባንዲራው በአራት ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ በሁለቱ ክፍሎች ጥቁርና ወርቃማ ቀለም በቁመት መስመርና በሰያፍ ቀበቶ እየተፈራረቁ ይታያሉ፤ በሌሎቹ ሁለት ደግሞ ጫፎቹ እንደ ሦስት ቅጠል የሆኑ መስቀል በቀይና በነጭ ይፈራረቃል። ጥቁርና ወርቃማው ቅኝ ግዛቷን ያቋቋመው የካልቨርት ቤተሰብ አርማ ነው። ቀይና ነጩ የክሮስላንድ ቤተሰብ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሎርድ ባልቲሞር የጆርጅ ካልቨርት እናት ከዚያ ቤተሰብ ነበሩ። የአባትና የእናት ወገን በአንድ ጋሻ ላይ መግጠሙ የዘር ሐረግ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚያስብለት ባልኖረ። የዛሬ ትርጉሙን የሰጠው የእርስ በርስ ጦርነቱ ነው። ሜሪላንድ ባርነት የሚፈቀድባት ሆና ከኅብረቱ ያልወጣች የድንበር ግዛት ስለነበረች ልጆቿ በሁለቱም ወገን ተሰለፉ። ጥቁርና ወርቃማው የግዛቲቱ ቀለም ተደርጎ ይታይ ስለነበር ከኅብረቱ ጋር ለቆሙት ቀረ፤ ከደቡቡ ጋር የወገኑት ደግሞ ቀይና ነጩን የእምቢታ ቀለማቸው አድርገው ያዙት፣ በደቡቡ ጄኔራል ሊ ጦር የዘመቱት የሜሪላንድ ሰዎችም ያንን መስቀል ደረታቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ወደ አንድ ከተማ፣ ወደ አንድ ገበያ ተመለሱ። አራቱን ክፍሎች ያጣመረው ባንዲራ በ1880 በባልቲሞር ሰልፍ ላይ ታየ፤ በ1888 የጌቲስበርግ ጦር ሜዳ ሐውልቶች ሲመረቁም ተሰቀለ፤ በ1904 በሕግ ጸደቀ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ሁለት ተዋጊ ወገኖች ሦስተኛ ገለልተኛ ቀለም አልፈለጉም፣ አንዱም የሌላውን ቀለም አላጠፋም፤ ሁለቱም ቀለማቸውን ይዘው በአንድ ጨርቅ ላይ ተሰፉ። ይህ በደሉን እኩል ያደርጋል ማለት አይደለም፤ የቀይና ነጩ ታሪክ ባርነትን ለማቆየት ከተዋጋ ሠራዊት ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀ ነው፣ ዛሬም የሚያነሡት አሉ። ሆኖም ዕርቅን ያለ አንዲት ፊደል የሚናገር ባንዲራ ማግኘት ብርቅ ነው። ሜሪላንዶችም ይህን ባንዲራ በመኪና፣ በካልሲ፣ በስፖርት ማሊያ ላይ ሳይቀር ይለብሱታል። ቀለማቱ ጎልተው ስለሚለያዩ ጨርቁ በነፋስ ተጠቅልሎ ጥጉ ብቻ ቢታይ እንኳ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

በ2001 የሰሜን አሜሪካ የባንዲራ ጥናት ማኅበር የአሜሪካንና የካናዳን 72 የግዛትና የክፍለ ሀገር ባንዲራዎች በንድፋቸው አስመዝኖ ነበር፤ አንደኛ የወጣው የኒው ሜክሲኮ ነው። ቢጫ መደብ ላይ አንድ ቀይ ፀሐይ፣ በአራት አቅጣጫ አራት አራት ጨረር የሚያወጣ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ቀይና ቢጫው በአንድ ወቅት አካባቢውን የገዛችው የስፔን ቀለሞች ናቸው። ፀሐይዋ ግን «ዚያ ፑዌብሎ» የሚባለው የሀገሬው ተወላጅ ሕዝብ ቅዱስ ምልክት ናት፤ በእነርሱ ዘንድ አራት ቁጥር አራቱን ማዕዘናት፣ አራቱን ወቅቶች፣ የቀኑን አራት ክፍሎችና የሰውን ዕድሜ አራት ደረጃዎች ያስተሳስራል። በ1925 ምልክቱ ከአንድ የሸክላ ዕቃ ላይ ተወስዶ የግዛት ባንዲራ ሲሆን የሕዝቡ ፈቃድ አልተጠየቀም፤ ይህንንም የ«ዚያ ፑዌብሎ» ሰዎች ለረጅም ዘመን ሲያነሡት ኖረዋል። ስለዚህ በንድፍ አንደኛ የሆነው ባንዲራ በፍትሕ በኩል ያልተዘጋ ጥያቄ አለበት፤ ውበቱን የሚያደንቅ ሰው ይህንንም አብሮ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ምዘና የመጨረሻውን ደረጃ ያገኘው የጆርጂያ ባንዲራ ሲሆን ታሪኩ በተቃራኒው ያስተምራል። ጆርጂያ በ1956፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ካለ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የኮንፌዴሬሽኑን፣ ማለትም በእርስ በርስ ጦርነቱ ከኅብረቱ የተገነጠሉትን የደቡብ ግዛቶች፣ የጦር መስቀል በባንዲራዋ ላይ አስገባች። ያ ባንዲራ ከሩቅ በሚገባ ይነበብ ነበር፤ ሕመሙም የመጣው ከዚያ ነው። በ2001 ተነሥቶ በምትኩ ማኅተምና ጥቃቅን የቀድሞ ባንዲራዎች የተደረደሩበት፣ ማንም የማይለየው ሰማያዊ ጨርቅ ተተካ፤ በምዘናው መጨረሻ የወጣውም ይህ ነው። በ2003 የመጣው የዛሬው ባንዲራ ሦስት ቀይና ነጭ መስመሮች፣ በሰማያዊ ጥግ ውስጥም በ13 ኮከቦች የተከበበ አርማ አለው። አትላንታና ክላርክስተን የሚኖር ሰው ይህን ባንዲራ የአሜሪካው ዘመድ አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ አቀማመጡ ግን የተወሰደው ከኮንፌዴሬሽኑ የመጀመሪያ ብሔራዊ ባንዲራ ነው። ሚሲሲፒ በበኩሏ ከ1894 ጀምሮ የያዘችውን የኮንፌዴሬሽን መስቀል በ2020 በሕግ አንሥታ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በሕዝብ ድምፅ የማግኖሊያ አበባ ያለበትን ባንዲራ መርጣለች፤ በአበባው ዙሪያ ካሉት ኮከቦች 20ዎቹ ነጮች 20ኛ ግዛት መሆኗን፣ አንዱ ወርቃማ ደግሞ ከሁሉ በፊት በምድሪቱ የነበሩትን ሕዝቦች ይወክላሉ።

ሌሎቹን ባጭሩ እንለፍ። የኮሎራዶው በ1911 የጸደቀ ሲሆን ሰማያዊው ሰማይን፣ ነጩ የተራራ በረዶን፣ የግዛቲቱ ስም የሚጀምርበት ቀይ ፊደል አፈሩን፣ በፊደሉ ውስጥ ያለው ወርቃማ ክብ ፀሐይን ያሳያል፤ የፊደሉ መጠን በሕግ ባለመወሰኑ ሠሪዎች አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ አድርገው ሲሠሩ ኖረው በ1964 መጠኑ ተወሰነ። የቴክሳሱ በ1839 ቴክሳስ ነጻ ሪፐብሊክ በነበረችበት ጊዜ የጸደቀ ነው፤ ብቸኛው ኮከብ ያንን ነጻነት ሲያስታውስ፣ ሰማያዊው ታማኝነትን፣ ነጩ ንጽሕናን፣ ቀዩ ጀግንነትን ይወክላል። የአላስካው በ1927 በተማሪዎች ውድድር የተመረጠ፣ ቤኒ ቤንሰን የተባለ በሕፃናት ማሳደጊያ የሚኖር ታዳጊ የሳለው ነው፤ በጥቁር ሰማያዊ ላይ የትልቁ ድብ ሰባት ከዋክብትና የሰሜን ኮከብ በወርቃማ ቀለም ይታያሉ። ለእኔ ልዩ የሚሆንብኝ ግን የቴነሲው ነው። በቀይ መደብ መካከል ባለ ሰማያዊ ክብ ውስጥ ሦስት ኮከቦች የግዛቲቱን ሦስት ክፍሎች ሲወክሉ፣ በነጻው ጫፍ ላይ አንድ ጠባብ ሰማያዊ ቅድ አለ። ነዳፊው ሌሮይ ሪቭስ ይህን ቅድ ያስገቡት ነፋስ በሌለ ጊዜ ጨርቁ ተንጠልጥሎ ሲቀር ቀይ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ ነው። ባንዲራ ከቀኑ ብዙውን ሰዓት ሳይውለበለብ እንደሚውል አስበው የነደፉ ሰው ነበሩ።

ለመስቀል የሚፈልግ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። በ1942 የወጣው የፌዴራል የባንዲራ ደንብ እንደሚለው ብሔራዊውና የግዛቱ ባንዲራ በአንድ ገመድ ከተሰቀሉ ብሔራዊው ከላይ ይሆናል፤ በተለያየ ምሰሶ ከሆነ ብሔራዊው አስቀድሞ ይሰቀላል፣ መጨረሻም ይወርዳል። ከብሔራዊው እኩል ከፍታ ላይ የመስቀል ልዩ መብት ያላት ቴክሳስ ብቻ ናት የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ምሰሶው የተለየ እስከሆነ ድረስ ማናቸውም ግዛት ይችላሉ። ደንቡ ዝናብና ማዕበል ሲሆን የአየር ሁኔታውን የሚቋቋም ካልሆነ በቀር ባንዲራ እንዳይሰቀል ይላል፤ ናይለን ከሚቋቋሙት ይመደባል። ቢሆንም ብርቱ ነፋስ ሲመጣ ማውረድ ዕድሜውን ያስረዝመዋል። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ እርጥብ ሳለም አጣጥፎ አለማስቀመጥ ነው። ጫፉ መተርተር ሲጀምር የተጎዳውን ቆርጦ እንደገና ማጠፍና መስፋት ይቻላል፤ ትንሹ ቀዳዳ በአንድ የነፋስ ቀን ብዙ ርቀት ስለሚሄድ ግን መዘግየት አያዋጣም።

የግዛት ባንዲራ ተገልብጦ መሰቀሉ ከነብራስካ ውጭም የሚያጋጥም ነው። የቴክሳሱ ቀጥ ያለ የሚሆነው ነጩ ከላይ፣ ቀዩ ከታች ሲሆን ነው። የሜሪላንዱ አራት ክፍሎች ቢገለበጡም ስለሚመሳሰሉ ስሕተቱ ቶሎ አይታይም፤ ማረጋገጫው ወደ ምሰሶው ባለው የላይኛው ጥግ ላይ ያለው ቀለም ነው፤ እዚያ የሚታየው ጥቁር መሆን አለበት።